የንፋስ ድርሻ

ባለፈው ሐምሌ፣ የሰመራ አየር እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ በሚለጠፍበት ሰሞን፣ የልጄ ልጅ ሂክማ ከፍሪጅ ያወጣችውን የውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስታፈጥበት አየኋት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዝም ካለች ወይ አንድ ነገር እያሰበች ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሰብራለች። የጠርሙሱ ውጪ ጥቃቅን ነጠብጣብ አብቅሎ ነበር፤ ነጠብጣቦቹ እየተያያዙና እየከበዱ ሲሄዱ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወርድና ጠረጴዛው ላይ ክብ ኩሬ ይሠራል። በጣቷ ነካችው፤ ቀመሰችው፤ ክዳኑን አጥብቃ ጠርሙሱን ገለበጠችው።

«እማማ፣ ይሄ ጠርሙስ ያፈሳል።»

«አያፈስም።»

«ታዲያ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ከአፌ በፊት እጄ ቀደመና መዳፌን ጠርሙሱ ሆድ ላይ ለጠፍኩት። እናቴ በየማለዳው የምታደርገው እንደዚህ ነበር። ቅዝቃዜው በክንዴ ሽቅብ ሲወጣ ከሰመራ ተነስቼ ሸለቆውን ሽቅብ፣ ገዋኔን አልፌ፣ አዋሽ ሰባት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ደረስኩ። እኔም ያን ጊዜ ይህቺን አህል ነበር፣ ምናልባት ሁለት ዓመት ብበልጣት ነው፤ ጥያቄዬ ግን የሷ ተቃራኒ ነበር። እሷ ውሃው ከየት መጣ ትላለች፤ እኔ ውሃው የት ሄደ እያልኩ ነበር ሰው የማደክመው።

አባቴና እናቴ ከወሎ ወርደው አዋሽ የገቡት ሱቅ ለመክፈት ነበር። ሱቁ ተከፍቶ ዓመት ሳይሞላው አባቴ ሞተ፤ ሱቁም ተከተለው። እናቴ ዘሐራ ያላት ሁለት ልጅና አንዲት ጥቁር እንስራ ነበር፤ እናም ባቡሩ በቆመ ቁጥር በየመስኮቱ ስር እየዞረች ለተሳፋሪ ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ መሸጥ ጀመረች። አዋሽ ላይ በቀትር የሚቆም ባቡር ውስጥ ያለ ሰው ከዳቦ በፊት፣ ከሰላምታም በፊት የሚፈልገው ውሃ ነው። የጣቢያው ቡፌ ውስጥ በረዶ ነበረ፤ ግን እዚያ የሚገባው ኮት የለበሰ ነው። ለቀረው ሕዝብ የነበረው በረዶ የእናቴ እንስራ ነበር።

ውሃ የምንቀዳው ከቀበሌው ቦኖ ነው። ቦኖው ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ ዝም ሲል ደግሞ አህያችንን እየነዳን ወደ ወንዙ እንወርዳለን። አዋሽ እዚያ ጋ በገደል ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ድምፁ ከቤት ይሰማል፣ ጀሪካን ይዘሽ ስትወርጂ ግን ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘሽው ስትወጪ ደግሞ እያንዳንዱን ጭልፋ በስሙ ታውቂዋለሽ። ክረምት ላይ ወንዙ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይመጣል፤ የምንቀዳው ውሃ ሳይሆን ቀይ ወጥ ይመስላል። እናቴ በበርሜል ገልብጣ ትተወዋለች። እኔ ግን መተው አልችልም፤ በየሰዓቱ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ። አንድ ጊዜ ቶሎ እንዲጠራ ብዬ በእንጨት ባማስለው የሁለት ቀን ትዕግስት በአንድ ማማሰያ ደፈረሰ። «ውሃ የሚጠራው ሲተዉት ነው፣ ዘይኑ» አለችኝ እናቴ፤ «እንዳንቺ ያለ ሰው ሲርቀው።»

ያልገባኝ ነገር ብዙ ነበር። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ በፈላ ቁጥር ነጭ ቅርፊት ይቀራል፤ ልሼ አይቼዋለሁ፣ ኖራ ኖራ ይላል። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ይህን ሁሉ የት ደብቆት ነበር? ከከተማው ወዲያ ባለው ፍልውሃ ደግሞ ከዘንባባው ስር እጅ የሚልጥ ውሃ ይወጣል። እሱን ማን እንደሚያሞቀው ጋሼ ተፈራን ጠየቅኳቸው። ጋሼ ተፈራ የባቡር ጣቢያው ስልክ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ከሸዋ የመጡ፣ በዚያ ሙቀት ኮፍያቸውን የማያወልቁ፣ የእናቴን የመጀመሪያ ጣሳ ውሃ በየቀኑ እየቀመሱ «ዛሬ ያለፈ ነው» ወይም «ዛሬ ገና ነው» እያሉ ፍርድ የሚሰጡ ሰው። «መሬት ራሷ ውስጧ እሳት ነው» አሉኝ። ለሳምንት ያህል ስረግጥ ቀስ እያልኩ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእንስራዋ ነገር ነው። እንስራዋ ከዳሱ ስር፣ ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ በሚያገኛት ቦታ በሦስት ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ያልባታል። ጠዋት ሆዷ ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል፤ ከስሯ ያለው አሸዋ ይረጥባል። እናቴ ሱብሂ ሰግዳ ስትነሳ መዳፏን እንስራዋ ላይ ትለጥፋለች፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ የምትለካበት መሣሪያዋ እሱ ነበር። እኔ ደግሞ በኩሌ ዱላ ቆርጬ፣ በቢላ ምልክት አድርጌ፣ ማታ የሞላነው ውሃ ጠዋት ስንት እንደጎደለ እለካ ነበር። ሁልጊዜ ይጎድላል። መጀመሪያ ድመቷን ጠረጠርኩ። ከዚያ ጅን ነው ብዬ ለሁለት ቀን ቢስሚላህ እያልኩ ከደንኩት፤ ጅኑ ቢስሚላህም አልገደደው፣ ያው ሁለት ጣት ጎደለ። በመጨረሻ እናቴን ጠየቅኳት።

«የንፋስ ድርሻ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ከያንዳንዱ እንስራ ንፋስ ድርሻውን ይወስዳል።»

ለእናቴ መልሱ ይኸው ነበር። እኔን ግን አንገበገበኝ። ያን ገደል ወርዶ የማያውቅ ንፋስ እኔ በጉልበቴ ካወጣሁት ውሃ በምን ሂሳብ ነው ድርሻ የሚኖረው?

ወንድሜ ሰይድ፣ እኔ አያ ሰይድ የምለው፣ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ድሬዳዋ አንድ የወሎ ሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በሚልካቸው ደብዳቤዎች ላይ፣ እኔ ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ለእናቴ በማነባቸው፣ ሁልጊዜ አንድ መስመር ለእንስራዋ ይመድብላታል፤ እዚህ በረዶ አለ፣ ጥርስ ያማል እንጂ ጥም አይቆርጥም፣ የእንስራዋን ውሃ በሕልሜ ጠጣሁ፣ ይላል። እናቴ ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ ታስነብበኛለች።

አንድ ቀን ጋሼ ተፈራ ከጣቢያው በእግራቸው መጥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ስታይ ገና ሳይናገሩ እናቴ ተቀመጠች። ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዟል። ምልምሎቹን የጫነው ባቡር በነገው ቀን ቀትር ገደማ በአዋሽ ያልፋል፤ ሰይድ ሦስተኛው ፉርጎ ላይ ነው፣ ድሬዳዋ ጣቢያ ያለ ወዳጃቸው በስልክ ነገራቸው። ባቡሩ ትንሽ ይቆማል፣ ማንም አይወርድም፤ በመስኮት ግን ሰው ሰውን ያያል።

እናቴ አላለቀሰችም። «ውሃ ይጠጣል» አለች። «አላህ ሌላውን ያውቃል። እኔ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አጠጥቼ ነው የምሸኘው።» ከዚያ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ስለተባለ፣ በሶ በስኳር አሽታ ልታሲዘው ሰልፍ ልትይዝ ወጣች። የዚያን ጊዜ የስኳር ሰልፍ ጠዋት የገባ ከሰዓት ነው የሚወጣው።

እኔ ከእንስራዋ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። አሰብኩ። አያ ሰይድ ብቻውን አይደለም የሚመጣው፤ ፉርጎው ሙሉ ሰው አለ፣ ሁሉም ይጠማቸዋል፣ ንፋስ ደግሞ እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ይወስዳል። በዚህች ቀን እንኳ አይወስድም አልኩ። የማውቀው ነገር ነበረ፤ እናቴ አዲስ ድስት ስትገዛ ታሟሸዋለች፣ በእሳት አሙቃ ቅባት ታጠጣዋለች፣ ከዚያ በኋላ ድስቱ ወጥ አይመጥም፣ አያፈስም። እንስራዋን ግን ማንም አላሟሻትም። ታዲያ የሚያፈሳት ይህ ነው አልኩ። በዚያ ዕድሜ አንድ ነገር የገባው ሰው ከዓለም ሁሉ ቀድሞ የገባው ይመስለዋል።

ውሃውን ወደ ጀሪካኖች ገለበጥኩ። እንስራዋን ፀሐይ ላይ አደረቅኳት፣ በፍም ዙሪያ አዟዟርኳት፣ ከጎረቤት የመጣልንን የፍየል ሞራ አቅልጬ ከአንገቷ እስከ ቂጧ ውጪውን በጨርቅ አሸኋት። ጠጣች፤ ደጋግማ ጠጣች፤ እንደ ተቀባ ጫማ አብለጨለጨች። ስትቀዘቅዝ ወደ ቦታዋ መልሼ እስከ አፏ ሞላኋት። እናቴ አመሻሹ ላይ ግማሽ ኪሎ ስኳር በመሐረብ ቋጥራ፣ እግሯን እየጎተተች መጣች፣ ክዳኑን ከፍታ መሙላቱን አየችና «ተባረኪ» አለችኝ። በዚያ ምርቃት ተኛሁ።

ማለዳ ዱላዬን ይዤ ስወጣ እናቴ እንስራዋ አጠገብ ተንበርክካለች። ውሃው ከላይኛው ምልክት አልተነቃነቀም፤ አንዲት ጠብታ አልጎደለም። ደስታዬን ልነግራት ስል ፊቷን አየሁት። መዳፏን ከእንስራዋ አንስታ ታሸታለች።

«ዘይኑ። እንስራዋን ምን አደረግሻት?»

«አሟሸኋት። ንፋስ እንዳይወስድብን።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ።»

አልመታችኝም። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረችና እንደነከረች ቆየች። እኔም ነከርኩ። ለብ ያለ ነበር፤ ሳይሞቅ ሳይበርድ እንደ ተቀመጠ የእግር ውሃ።

በዚህ መሐል ወተት የምታመጣልን አሻ ደረሰች። አሻ አፋር ናት፤ ረጅም፣ ሳቋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ። አማርኛዋ አጭር ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም ሽማግሌውንም አንተ ነው የምትለው፣ ጋሼ ተፈራንም ጭምር፣ እሳቸውም ደስ ይላቸው ነበር። አልፈርድባትም፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአፋር ምድር ኖሬ ዛሬም ባፋርኛ ገበያ ስገዛ ሻጮቹ ይስቁብኛል። አሻ እንስራዋን አሸተተችና እኔን አየችኝ።

«ሞራ? አንተ ነህ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አፍንጫ ደፈንክ» አለች። ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን የፍየል ቆዳ የውሃ ስልቻ በመዳፏ መታ አደረገችው፤ እርጥብ ነው፣ ሁልጊዜም እርጥብ ነው። «ይሄ አላበው፣ ውሃ ቀዝቃዛ። ያላላበው፣ ውሃ ትኩስ። እንስራ ካልተነፈሰ ይሞታል።»

እናቴ ማብቂያውን አልጠበቀችም። ከራሷ ላይ አረንጓዴ ሻርፗን አወረደችው፣ ጀሪካን ውስጥ ነከረችው፣ እንስራዋን ጠቀለለቻት። አሻ በሌላ በኩል ያዘችላት። እንስራዋን ነፋስ ወዳለበት ወደ አጥሩ ክፍት ወሰድናት። እኔ በሰፌድ አራገብኩ። ሻርፑ በደረቀ ቁጥር እናረጥበዋለን፤ እጄ እስኪዝል አራገብኩ፣ በልቤ ደግሞ ያን የጠላሁትን ንፋስ እለምናለሁ፤ ውሰድ፣ ሁለት ጣት ውሰድ፣ ሦስትም ውሰድ እያልኩ።

ቀትር የተባለው ባቡር ቀትርን አልጠበቀም። ፀሐይዋ ገና ከግራሩ በላይ ብቅ እንዳለች ጋሼ ተፈራ አጥሩ ጋ መጥተው «አዋሽ አርባን አልፏል፣ ዘሐራ፣ ተነሽ» አሉ። እናቴ እንስራዋን ከነሻርፗ አዝላ ሮጠች። ጣሳዎቹን ይዤ ተከተልኳት። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያየሁት፤ ራሷ ባዶ ነበር። ለባሏ ወንድም እንኳ ፀጉሯን አሳይታ የማታውቅ ሴት፣ በዚያ ሁሉ ወታደርና ሠራተኛ መሐል ሹሩባዋ ጀርባዋ ላይ እየተወዛወዘ ትሮጣለች።

ሦስተኛው ፉርጎ። በየመስኮቱ የተላጨ ራስ ተደርድሯል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ አንዱ ግን «እማ» አለ። አያ ሰይድ መጀመሪያ ያየው ፀጉሯን ነው። እሱ ሲሄድ ጥቁር ነበር።

«እማ፣ ሻርፕሽስ?»

«ጠጣ መጀመሪያ።»

ጣሳውን ሞልታ ሰጠችው። ውሃው ከጣሳው ጫፍ ተርፎ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። አያ ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ይታየኛል፤ እስከ መጨረሻው ጠጣውና ጣሳውን ገልብጦ አሳያት።

«ጥርስ ያስነቅላል» አለ።

አጠገቡ የነበረው ጠይም ልጅ ሁለተኛውን ጣሳ ተቀብሎ አንድ ጊዜ ጎነጨ። አፉን ሊከፍት ሲል አያ ሰይድ አየው። ልጁ እናቴን አየ፣ ባዶ ራሷን፣ የተጠቀለለችውን እንስራ። ዋጠውና «እናቴ፣ ፍሪጅ አለዎት እንዴ እቤት?» አለ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። «ለኔም ከቀዝቃዛው» አለ አንዱ። «ቀስ በል፣ ሳንባህን ይመታሃል» አለ ሌላው። ጣሳዎቹ ከመስኮት ወደ መስኮት ሄዱ፤ የጠጣው ሁሉ ይበርዳል አለ፤ ከነሱ መሐል ያልዋሸ አልነበረም። እንስራዋ እስከ አፏ ሞልታ ስለነበር ለፉርጎው በሙሉ በቃች። ንፋስ ያላገኘውን እነሱ አገኙት።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እናቴ ሻርፗን ከእንስራዋ ፈታ እንደረጠበ በመስኮት ወረወረችለት። አያ ሰይድ ቀለበው፤ አንገቱ ላይ ጠመጠመው፤ ጫፉ ከመስኮቱ ውጪ እየተርገበገበ ሄደ። የበሶው ቋጠሮ ግን እኔ እጅ ላይ ቀረ። ጋሼ ተፈራ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ያ ሻርፕ እስከ የት ድረስ ሳይደርቅ ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሐዲዱን አዩ። «መተሐራ ድረስ» አሉ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ስለ እንስራዋ መስመር ነበረበት። ሁለተኛ አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮች ክላሻቸውን ጥለው በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በባቡር ጣሪያ ላይ ሆነው ሲያልፉ እናቴ በየቀኑ ጣቢያው ላይ ጣሳ ይዛ ቆመች። ብዙ ሰው አጠጣች። እሱ አልነበረበትም። ያቺን እንስራ ማንም ዳግም ውሃ አላስቀመጠባትም፤ ሞራው አልለቀቃትም፣ ማሽላ መያዣ ሆነች፤ እናቴ ሌላ እንስራ ገዛች። ስለዚያን ቀን ሰው ሲጠይቃት «ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ነው የሄደው» ትል ነበር፤ እስክትሞት ድረስ እንዲሁ አለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ውሃው በጣቶቿ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ፤ እነዚያ ጣቶች ደግሞ ተሳስተው አያውቁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ያመጧቸውን መጻሕፍት እነሱ ሲተኙ ወይም ሲሰለቻቸው እኔ እየወሰድኩ ሳነብ፣ አንድ ገጽ ላይ አገኘሁት። ውሃ ተንኖ ሲሄድ ከቀረው ውስጥ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀረው የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ የምትለው ድርሻ ስርቆት አልነበረም፤ ንፋስ ሁለት ጣት ወስዶ በምትኩ የቀረውን ሁሉ ያቀዘቅዝልን ነበር። ይህን የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ያን ሞራ ለወጥ እተወው ነበር።

ዛሬ ሰመራ ላይ ልጄ ቤት ትልቅ ፍሪጅ አለ፤ መብራት ካልጠፋ ለአንድ ፉርጎ ሰው የሚበቃ ቀዝቃዛ ውሃ ከውስጡ ይወጣል። ባቡሩ ግን በድሮው ጣቢያ አይቆምም፤ ባለፈው ሳልፍ በሐዲዱ መሐል ፍየሎች ተኝተው አየሁ፤ ከመስኮት ስር የሚሮጥ ሰው የለም።

«እማማ» አለች ሂክማ፤ አልረሳችም። «ከየት መጣ አልኩሽ እኮ።»

«ከንፋስ ነው» አልኳት። «በዙሪያችን ያለው አየር ውስጥ የማይታይ ውሃ አለ። ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ይሰበሰብና እንደዚህ ይታያል።»

«ንፋስ ከየት አመጣው?»

«ወስዶት ነበር። ከወንዝ፣ ከልብስ፣ ከእንስራ።»

ጠርሙሱን አነሳች፣ በሁለት እጇ አቀፈችው፣ የረጠበ መዳፏን አገላብጣ አየች። ከዚያ ኩባያ ሞልታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ጥርስ ያስነቅላል።

«ታዲያ የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል?» አለችኝ።

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ክቡ ኩሬ ላይ አስቀመጥኩት።

«ውሃውን ይመልሳል» አልኳት።